አሥራ አራተኛዋ ሴት

ሂላሪያ ቲኮና ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ሰማችና እጇን እዚያው አየር ላይ ያዘችው። «ጠያቂዋ ስትመጣ እሠራለሁ በይ። ሥራው ሞልቷል፣ ፈጣሪ ይስጥልን በይ። ሌላ ቃል ከአፍሽ ከወጣ የልጄን ጉሮሮ የዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ የለሁበትም።» ሳፋ ሲጎተት ተሰማ፤ ቀጥሎ ውሃ ተደፋ። ጣሪያው ላይ የተኛው ውሻ አንገቱን አስግጎ ሂላሪያን ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ ካያት በኋላ፣ የሚጮህባት ዓይነት ሰው እንዳልሆነች ወስኖ ነው መሰለኝ፣ መልሶ ተጋደመ። ሂላሪያ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ሰኔ የውርጭ ወር በሆነባት በደጋዋ ከተማ በኤል አልቶ ደግሞ ጠዋቱ ለጉልበት አይራራም። ፀሐይ ባላገኘው የመንገዱ ዳር የተኛው ውሃ ገና እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ኮቴዋን ጠጠሩ ላይ ሆን ብላ እያሰማች እንደ አዲስ መጣችና አንኳኳች።

ሥራዋ ይህ ነበር፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ። የምትሠራበት የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ከከተማው ዳርቻ ሃያ ችግረኛ ሴቶችን መርጦ ለስድስት ወር የቧንቧ ሥራ አሠልጥኖ ነበር፤ ሲጨርሱም ለእያንዳንዳቸው ምስክር ወረቀት፣ ቀይ የመሣሪያ ሳጥንና ጥንድ የጎማ ቦቲ ሰጥቷል። አሁን ዓመት ሞላቸው። ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ደግሞ ምን ፍሬ እንዳፈራ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሂላሪያ ባለ ሁለት ገጽ ቅጿን ይዛ አሥራ ዘጠኝ ቤት ዞራለች። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን እንደሚጠርግ ሁሉ፣ እሷ ስትመጣ ኑሮውንም ጠራርጎ እንደሚጠብቃት ለምዳዋለች። አንዷ የጎረቤቷን የመሣሪያ ሳጥን ተውሳ፣ ክዳኑ ላይ የጎረቤቷ ባል ስም በትልቁ ተጽፎ ሳለ፣ የእኔ ነው ብላ በልጆቿ ምላለች። ሂላሪያ በማናቸውም አትፈርድም። ድሃ ለጠያቂ እውነቱን ተናግሮ ምን እንደሚያተርፍ ታውቃለችና። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ሦስቱ በእርግጥ በሙያቸው እየሠሩ ነው። ስድስቱ ወይ ወደ ጉሊታቸው ተመልሰዋል፣ ወይ ድንበር ተሻግረው ቺሊ ገብተዋል። ማክሲማ ዩህራ ሃያኛዋና የመጨረሻዋ ነበረች።

ጠዋት ሚኒባስ ስትጠብቅ የማዕከሉ ኃላፊ አልቫሮ ደውሎላት ነበር። ወጣት ነው፤ ክፉ ልብ የለውም፤ ቁጥር ግን ያስጨንቀዋል። ለጋሾቹ ከሃያው አሥራ አራቱ ሲሠሩ ከተገኙ ለሁለተኛው ዙር ይፈርማሉ፤ ሌሎች ሃያ ሴቶች ይሠለጥናሉ። ከአሥራ አራት ካነሰ ግን ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ እንደገና ይታያል የተባለ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል። «እትዬ ሂላሪያ፣ አንዲት ናት የጎደለችን» አላት። «ዛሬ ማክሲማን ካገኘናት ሞላን።» ማግኘት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ትንሽ ሳቀና «ያው እርስዎ ያውቁበታል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የሁለተኛው ዙር ተመዝጋቢዎች ሰኞ ሰኞ ማዕከሉ በር ላይ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ እየተሰለፉ «መቼ ነው?» የሚሉት ለሂላሪያ ነበር እንጂ ለአልቫሮ አልነበረም። የእሷም የሥራ ውል የሚታደሰው ያ ዙር ከመጣ ነው።

በሩን የከፈተችው አሮጊቷ ናት፤ እማማ ኒካሲያ፣ የማክሲማ አማት። ሂላሪያን እንደ ዘመድ አቅፋ ሳመቻትና እየጎተተች አስገባቻት። ሂላሪያ ከሥልጠናው በፊት ለምርጫ ስትመጣ የዚህ ቤት ጣሪያ በድንጋይና በአሮጌ ጎማ የተጫነ ላስቲክ ነበር፤ የማክሲማ ትንሿ ልጅ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ ትስል ነበር። አሁን ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው። ግቢው መሃል ቧንቧ ተተክሏል፤ ገመዱ ላይ የልጅቷ ነጭ የትምህርት ቤት ጋዋን በውርጭ ደርቆ እንደ ሳንቃ ቆሟል። ውስጥ ባለ ሁለት ምድጃ ጋዝ፣ አዲስ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት አልጋ፣ ጥግ ላይ አንድ ጆንያ የደረቀ ድንች አለ። ኒካሲያ እንግዳዋን ደህናው ወንበር ላይ አስቀምጣ ትኩስ የሐምራዊ በቆሎ መጠጥ በትልቁ ቀዳችላት፤ ከጎኑ ሁለት ዳቦ አደረገችና ዳቦ ራሱ ስንት እንደገባ፣ ጋዝ ሠፈሩ ድረስ መምጣት ካቆመ ሁለት ሳምንት እንደሆነው፣ ለአንድ ሲሊንደር ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እንደሚሰለፍ ማውራት ጀመረች። ማክሲማ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሰላምታዋን ሰጥታ ካበቃች በኋላ ቀና አላለችም።

የቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ስለ ቤቱ ነው፤ ጣሪያው ከምን እንደተሠራ፣ በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ እንደሚበላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደሆነ፣ የታመመ የት እንደሚታከም። ሂላሪያ እየጠየቀች ኒካሲያ እየመለሰች ገጹ ከላይ እስከ ታች በደስታ ሞላ። ሐሰት አልነበረበትም። በዚህ ሁሉ ዙረቷ እንዲህ የተለወጠ ቤት አላየችም። ሁለተኛው ገጽ ስለ ሴትዮዋ ነበር። «ማክሲማ» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ላለፉት ሦስት ወራት በተማርሽው ሙያ ሠርተሻል?»

«እሠራለሁ» አለች ማክሲማ። የድንቹ ልጣጭ ሳይቆረጥ ከቢላዋው ላይ ረዝሞ ወረደ።

ሂላሪያ ወዲያው አልጻፈችም። ዓመት የሠራች የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ የመፍቻ እጀታ የሚያወጣው መጅ አለ፣ ጥፍር ሥር ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት አለ። የማክሲማ እጅ በልብስ ሳሙናና በድንች ውሃ ነጥቶ የተሰነጣጠቀ ነው። መሣሪያዎቹን ልታይ እንደምትፈልግ ተናገረች። ኒካሲያ ቀልጠፍ ብላ፣ ልጇ ሩፊኖ ለዛሬ ብቻ ተውሷት እንደሄደ ነገረቻት፤ ባልና ሚስት መዋዋስ ነውር ነው እንዴ ብላም ሳቀች። ምስክር ወረቀቱስ? ግድግዳው ላይ ሚስማሩ አለ፤ ከሚስማሩ በታች ከሌላው ግድግዳ የነጣ ባለ አራት ማዕዘን ቦታ አለ። እሱም ከሳጥኑ ጋር ወጥቷል አለች አሮጊቷ፤ አሁን ሳትስቅ። 

ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። የኒካሲያ ነበር፤ ከደረቷ አውጥታ የልጇን ስም አየችና ደነገጠች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ካስጮኸችው በኋላ ለምራቷ አቀበለቻት። ማክሲማ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አድርጋ ትንሽ አዳመጠች። «ከየት በኩል ነው የሚፈሰው?» አለች። «ከላይ ነው ከመሃል? … ቀስ ብለህ ንገረኝ። ዋናውን ዘግተኸዋል? … ያ አይደለም፣ ያ የታንከሩ ነው። ዋናው ውጭ ነው፣ ቆጣሪው ጋ፣ የብረት ክዳን አለው።» ድምፅዋ ተለውጧል። ድንች ስትልጥ የነበረችው ሴት ድምፅ አልነበረም፤ አሥር ሠራተኛ የምታዝ ሴት ድምፅ ነበር። ኒካሲያ ይህን ለመሸፈን ይሁን ምን ጮክ ብላ ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመረች፤ የዘንድሮው ውርጭ ማሳውን እንዴት እንዳቃጠለው፣ እህቷ ከገጠር ምን እንዳለቻት። ሂላሪያ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጠመችለትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ስልኩ ሲዘጋ ሂላሪያ ተነሣችና ቅጹ የሥራ ቦታም እንድታይ ያዛታል አለች። ቅጹ እንዲያ የሚል ነገር የለውም። ኒካሲያ ምሳው እንዳልደረሰ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደምትመጣ፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነ አከታትላ ዘረዘረች። ማክሲማ ግን ቢላዋውን ሳህኑ ውስጥ ጣል አድርጋ ተነሥታ ነበር። ሽርጧን ፈታች፤ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ጥቁር የጎማ ቦቲ አወጣች፤ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችና ከሰፊው ቀሚሷ ሥር አጠለቀችው። ከሥልጠናው ዕቃ የቀረላት እሱ ብቻ ነበር። ለሩፊኖ እግር ስለጠበበው ነው የቀረላት። አማቷን አላስፈቀደችም፤ አልተቆጣቻትም። «እማማ፣ ድንቹ ተልጦ አልቋል፤ መጣድ ብቻ ነው የቀረው» ብላት ወጣች።

ኒካሲያ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ማክሲማ ትንሽ ቀደም ስትል አሮጊቷ የሂላሪያን ክንድ ያዘች፤ አጥብቃ። «የኔ እመቤት፣ የምትጽፊውን አስቢበት» አለቻት። «ልጄ የጡብ ፋብሪካው ካሰናበተው በኋላ እዚያ ወንበር ላይ፣ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት፣ ግድግዳ ሲያይ ነው የኖረው። አንድ ቀን አይደለም፤ አንድ ዓመት ተኩል። አሁን ጠዋት ሲወጣ ያፏጫል። አንቺ ወልደሽ ከሆነ ይገባሻል።» ሂላሪያ ወልዳለች፤ ገብቷታልም። የአሮጊቷን እጅ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው።

ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበታቸው ከፊተኛው ወንበር ጋር እየተጋጨ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ የሠፈሮችን ስም እየጮኸ ያልፋል፤ ግራና ቀኝ ያልተለሰነ የቀይ ሸክላ ቤት፣ የመኪና ጎማ ጠጋኝ፣ እንደገና የቀይ ሸክላ ቤት። ማክሲማ ሳትጠየቅ ማውራት ጀመረች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ። መጀመሪያ ሁለት ወር ሠርታለች። ሩፊኖ ሳጥኑን ሊሸከምላት አብሯት ይመጣ ነበር። ሰዎቹ ግን የሚያናግሩት እሱን ነው፤ እሷ ከመታጠቢያው ሥር ተኝታ እየሠራች ሂሳቡን ለእሱ ይሰጡታል፤ አንዱማ እሷን ደጅ ጠብቂ ብሏታል። ሩፊኖ በመጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ ለመደው። ከዚያ ልጅቷ ታመመችና ማክሲማ ለአንድ ሳምንት ቤት ቀረች፤ ለዚያ ሳምንት ብቻ ብሎ ሳጥኑን ብቻውን ይዞ ወጣ። «ያ ሳምንት እስካሁን አላለቀም» አለች። ምስክር ወረቀቱን ለደንበኛ የሚያሳየው በአውራ ጣቱ ስሟን ሸፍኖ ነው። ሥራው ሲጠናበት ይደውልላታል፤ እሷም እየላጠች፣ እያጠበች፣ ልጅ እያበላች ትመራዋለች። ይመታታል እንደሆነ ሂላሪያ ጠየቀቻት። «ኧረ የለም፤ እሱስ ሰው አክባሪ ነው» አለች ማክሲማ። «ማታ ሲገባ ያመሰግነኛል። ዛሬም አዳንሽኝ ይለኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚለኝ፤ ውጭ ወጥቶ ብሎኝ አያውቅም።»

ሩፊኖ የደወለው ከገበያው መንገድ በስተጀርባ ካለ ዳቦ ቤት ነበር፤ ከመድረሳቸው በፊት ውሃው መንገድ ላይ ተቀበላቸው። ሴቬሮ የሚባለው ባለቤት እጅጌውን ሰብስቦ የዱቄት ጆንያ በጆንያ ላይ እየቆለለ ይራገማል፤ ሁለት ሠራተኞች በመጥረጊያ ውሃውን ወደ በሩ ይገፋሉ፤ ለማታው ዳቦ የተቦካው ሊጥ በእንጨት ገበታ ላይ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ሩፊኖ ከኋላው ግቢ መሰላል ላይ ቆሞ በሁለት እጁ የተሰነጠቀውን ቱቦ በጨርቅ አንቋል። ውሃው በጣቶቹ መሃል እየወጣ በክርኑ ይወርዳል። ሚስቱን ሲያይ ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ፤ ከኋላዋ ቅጽ የያዘችውን ሴት ሲያይ እፎይታው ጠፋ። ሴቬሮም አያቸውና ወደ ማክሲማ ጠቆመ። «ለመሆኑ ይቺን ሴትዮ ምን ልታደርግልህ ነው ያመጣሃት? ዳቦ ልትገዛ ከሆነ የለም በላት።»

«ረዳቴ ናት» አለ ሩፊኖ።

ማክሲማ ይህን ሰማች። ሂላሪያ መስማቷን ከአንገቷ አየች፤ ቀጥ አለ። ግን አልተከራከረችም። ወደ መንገዱ ተመልሳ ወጣች፤ ከቆጣሪው አጠገብ በአሸዋ የተሸፈነውን የብረት ክዳን በቦቲዋ ጠረገችና በቁልፍ ፈልፍላ አነሳችው፤ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ታገለች። ግቢው ውስጥ የውሃው ድምፅ ቀነሰ፤ አንጠባጠበ፤ ቆመ። ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ክንዷ ጭቃ ሆኖ ተመለሰችና መሰላሉ ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «መፍቻውን አቀብለኝ» አለች። ሩፊኖ ወረደና አቀበላት።

መሰላሉ ላይ ወጥታ ስንጥቁን አየችው፤ ከዚያ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከዚያ ባሏን። «ይህን መስመር በደቡቡ ግድግዳ ነው እንዴ የዘረጋኸው?» አጭሩ መንገድ እሱ ስለሆነ ነው አላት፤ በዝቅተኛ ድምፅ። ጠዋትም ማታም ፀሐይ የማያየው ግድግዳ ነው፤ ቱቦው ሌሊት ውስጡ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይፈሳል። ማክሲማ በሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት የተማረችው ነገር ነው። በስልክ ደግሞ ግድግዳው በየት በኩል እንደሆነ አይታይም። ማክሲማ ቁና ቁና የሚተነፍሰውን ሴቬሮን ጠራችውና ያለውን ነገር ነገረችው፤ ዛሬ ስንጥቁን ቢያስሩት ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል፤ መስመሩ በሙሉ ተነቅሎ ፀሐይ ወዳለበት ግድግዳ መዞር አለበት። ሴቬሮ ለዚህ አንድ ሳንቲም እንደማይጨምር አስታወቀ፤ ቀድሞውኑ ማነው ያጠፋው አለ። ሩፊኖ አፉን ሊከፍት ሲል እሷ ቀደመችው። «ጥፋቱ የኛ ነው፤ የሚጨመር የለም» አለች። «ቱቦው ያው ራሱ ነው። ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ እየለካች ትቆርጣለች፤ የቱቦውን ጫፍ ጥርስ ታወጣለታለች፤ ውሃ እንዳያሾልክ ነጩን የቴፍሎን ጥብጣብ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ትጠመጥማለች፤ እሱ ይነቅላል፣ ያቀብላል፣ መሰላሉን ያዞራል። ለወራት ያልነካችው መሣሪያ መጀመሪያ እጇ ላይ ትንሽ አስቸግሯት ነበር፤ አንዱን መገጣጠሚያ አጣምማ አስገብታው ፈታችና እንደገና ገጠመችው። የእጇ ስንጥቅ ሲከፈት ደም ታየ፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ሂላሪያ የተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትመለከታለች፤ ሴቬሮም ከመጋገሪያው በር እየወጣ ይመለከታል፤ መጀመሪያ ሊቆጣጠር፣ በኋላ ግን እንዲሁ ሊያይ። አንድ ጊዜ ሩፊኖ ሳይታዘዝ የሚያስፈልጋትን መፍቻ አንስቶ ሰጣት፤ ትክክለኛው ነበር፤ ሳታየው ተቀበለችው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ዋናውን መዝጊያ ራሷ ሄዳ ከፈተችና ተመልሳ ከመስመሩ ሥር እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ጣቷ ዳሰሰች። አልነጠበም። ውሃው መጀመሪያ ቀላ ብሎ፣ አየር እያስነጠሰ፣ በኋላ ንጹሕ ሆኖ ወረደ።

ሴቬሮ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ለስላሳ ከፍቶ መጣ። እንደ አገሩ ልማድ ለመሬቲቱ ጠብ አደረገላትና መጀመሪያ የቀዳውን ብርጭቆ ይዞ በሩፊኖ በኩል አልፎ ለማክሲማ ዘረጋላት። እህቱ ከገበያው ማዶ ቤት እያሠራች እንደሆነ፣ ውሃውን ገና እንዳላስገባች ነገራት። ቀጥሎ ለአፍታ ተጠራጠረ፤ ባልየውን አየ፣ ሚስትየዋን አየ። «ታዲያ እህቴ ስትመጣ… ማን ብላ ትጠይቅ፣ እርስዎን?»

«ማክሲማ ዩህራ ብላ ትጠይቅ» አለች። ብርጭቆውን እስኪያልቅ ጠጣች። ሩፊኖ መሣሪያዎቹን እየጠራረገ ወደ ሳጥኑ ይመልስ ነበር፤ ቀና አላለም፤ ግን የምትጠይቀው እኔን ነው ብሎም አልተከራከረም።

ሂላሪያ ውጭ፣ የፀሐዩ ሙቀት ባለበት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በዓይኗ አይታለች፤ የሠራችው ሴትዮዋ ናት፤ ይህን ለማንም ምላ መመስከር ትችላለች። አሥራ አራት ሞላ። ማክሲማ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቦቲዋን አውልቃ ውሃውን ደፋችና ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። የሂላሪያ እስክሪብቶ አዎ ከሚለው ሳጥን በላይ ቆሟል። ማክሲማ ጥያቄውን በጣቷ እየተከተለች አንብባ ጨረሰች። «ላለፉት ሦስት ወራት ነው የሚለው» አለች። «አልሠራሁም።»

ሂላሪያ እስክሪብቶዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ልትነግራት የማይገባትን ሁሉ ነገረቻት፤ አሥራ ሦስት መሆናቸውን፣ አንዲት መጉደሏን፣ ሃያዎቹን ሴቶች፣ ሰኞ ሰኞ በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ፣ የራሷንም ውል ሳትደብቅ። ማክሲማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። መንገዱ ላይ አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ዕቃዋን ሰብስባ፣ አዝላ፣ ስትሄድ በዓይኗ ሸኘቻት።

«እትዬ ሂላሪያ» አለች፣ «እነዚያ ሃያ ሴቶች ተምረው እንደኔ ባላቸውን በስልክ እንዲመሩ ነው? አዎ ሠርታለች የተባለችን ሴት ማን ተመልሶ ይጠይቃታል? የተሳካለት ቤት ተብሎ ይዘጋል፤ እኔም ውስጡ እዘጋለሁ። አልሠራችም ብለሽ ጻፊ። ለምን እንዳልሠራሁም ጻፊ፤ ዛሬ ያየሽውንም ጻፊ። በሦስት ወር ደግሞ ተመልሰሽ ነይ። ያኔ አዎ እልሻለሁ፤ ማንም ሳያስጠናኝ።»

ሂላሪያ አልሠራችም የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክቱን አደረገች። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ መጻፍ ጀመረች፤ ሳጥኑ እንዴት እንደሄደ፣ አንዱ ሳምንት እንዴት እንዳላለቀ፣ ቤቱ በእርግጥ መለወጡን፣ የለወጠው የማን እውቀት እንደሆነ፣ ቅጹም ይህን የሚጠይቅበት መስመር እንደሌለው። ወረቀቱ ሲያልቅ በጠርዙ ላይ ወደ ላይ ጻፈች። ስትጨርስ ለአልቫሮ ደወለችለት። አሥራ ሦስት ናቸው አለችው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። «አውቃለሁ» አለችው። «ዓርብ ከለጋሾቹ ጋር ስብሰባ ሲኖር እኔም እገባለሁ፤ ከጀርባው ያለውን እኔ ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ በሦስት ወር ተመልሼ እንደምሄድም እነግራቸዋለሁ፤ ውሌ ታደሰም አልታደሰም።» «ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አለ አልቫሮ፣ ደከም ባለ ድምፅ፣ «አይዘግዩ።»

ሩፊኖ ቀዩን ሳጥን ይዞ ከዳቦ ቤቱ ወጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ንፋሱ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ማክሲማ ተነሥታ ሄደችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ነገ ጠዋት የአንድ አስተማሪ ቤት ቀጠሮ እንዳለው ነገራት፤ ሊያስረዳት ይሁን ሊለምናት አይታወቅም። እንደምታውቅ፣ አብረው እንደሚሄዱ፣ ሳጥኑን እሱ ሊሸከም እንደሚችል ነገረችው። «ምስክር ወረቀቱን ግን ስጠኝ» አለችው። ክዳኑን ከፍቶ ከመፍቻዎቹ ሥር አወጣው፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰብሯል። ተቀብላ ሻሏ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ አደረገችው። ሩፊኖ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያስጨነቀው ይህ ብቻ የሆነ ይመስል፣ «እናቴስ?» አላት።

«ለእናትህ አንተ ትነግራታለህ።»

«ምን ብዬ?»

ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ የሠፈራቸውን ስም እየጠራ በሩን ከፈተ። ማክሲማ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማ ገባች፤ ከሹፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ያዘች። ሩፊኖ ሳጥኑን አቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። ሂላሪያ ከደረጃው ላይ ሆና በመስኮቱ አየችው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሉን ይፈልግ ነበር።